ከወይራው እስከ ደጃፉ

ዝግባ በር በሚባለው አገር «ልጄ እስካሁን አልሄደም» ወይም «ልጄ እስካሁን አልተናገረችም» ብሎ የተከዘ ወላጅ ካለ፣ አዛውንቶቹ እንዲሁ አያልፉትም። ከጎኑ ቁጭ ብለው አንዲት አባባል ጣል ያደርጉለታል። አባባሏ አጭር ናት፤ ከኋላዋ ግን አንዲት በቅሎ፣ ሰባት ቀፎ ንብ፣ አርባ ቀንና አንድ ችኩል አባት አሉ። እሷን አስቀድሞ መናገር ወጡ ሳይቀርብ ጨው እንደ ማላስ ስለሚሆን፣ በመጀመሪያ ከአባትየው ጋር እንተዋወቅ።

ጥጋቡ በቅሎ ገሪ ነበር። የምትነክስ፣ ኮርቻ የምትጥል፣ የራሷን ጥላ አይታ የምትደነብር በቅሎ ያመጡለታል፤ እሱም አርባ ቀን ይጠይቃል። የፊትና የኋላ እግሯን በጠፍር አስሮ፣ እያባበለም እየተቆጣም ያራምዳታል። በአርባኛው ቀን ባለቤቱ ሲመጣ በቅሎዋ ሰጋር ሆና ትጠብቀዋለች፤ የተቀመጠባት ሰው ሙሉ ዋንጫ ጠላ ቢይዝ እንኳ ጠብ አይልበትም። ከዚህ የተነሣ ጥጋቡ አንድ የማይነቃነቅ እምነት ነበረው፦ እግር ያለው ነገር ሁሉ በአርባ ቀን ይገራል።

ከሚስቱ ከአንጓች ጋር ሰባት ዓመት ልጅ ሲጠብቁ ኖረው በስምንተኛው ወንድ ልጅ ወለዱ። በስስታቸው ብዛት ስሙን ቢያድግልኝ አሉት። በዚያው ሳምንት ከአጥር ወዲያ ለሚኖረው ለንብ አርቢው ለምንይችል ሚስቱ ይርገዱ ሴት ልጅ ወለደችለት፤ ደብሬ ተባለች። ሁለቱንም ልጆች ያዋለዱት የአገሩን እኩሌታ በእጃቸው የተቀበሉት እማማ ዳሳሽ ናቸው።

እውነቱን ለመናገር ፉክክሩን የጀመረው ጥጋቡ ነው። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንደሚነሡ የማያውቅ ሰው በአገሩ የለም። ጥጋቡ ግን «የኔው በአርባ ቀን ቀደማት!» እያለ ጎረቤቱን ሲያበሽቅ ከረመ። ምንይችልም ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ። ዝም ያለው ግን ረስቶ አልነበረም።

ቀኑ ዞረ። ደብሬ በዘጠኝ ወሯ ቆመች። ከአጥሩ ወዲያ «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» የሚለው ጭብጨባ ሲሰማ፣ ጥጋቡ የሚጠርገውን የኮርቻ ግላስ መሬት ላይ ጣለው። በአሥር ወሯ ሄደች። በዓመቷ ሮጠች። ቢያድግልኝ ግን በአሥራ አራት ወሩም እንደ ዳኛ ተቀምጧል። ዳዴ እንኳ አላለም። የሚፈልገው ነገር ሲኖር አንድ እግሩን አጥፎ፣ ሌላውን እንደ መቅዘፊያ እየሳበ በቂጡ ይንፏቀቃል። ከደረሰም በኋላ ልክ በእግሩ እንደ መጣ ሰው ኮራ ብሎ ይቀመጣል።

በኅዳር ሚካኤል ማኅበር ላይ የሆነው ሆነ።

«ጥጋቡ ወንድሜ» አለ ምንይችል ዋንጫውን አስቀምጦ፣ «ልጅህ እንዴት ሰነበተ? አሁንም ችሎት ላይ ነው?»

ማኅበርተኛው ሳቀ።

«ልጄ የሚያጣድፈው ነገር የለም» አለ ጥጋቡ።

«መቼ ተጣድፎ! ሥር ሰድዷል እንጂ። የኔዋ ትናንት ዶሮ አባርራ ያዘች።»

«ዶሮዋ ታማ ይሆናል።»

«እሺ ትታመም። ግን አንድ ነገር ይገርመኛል» አለ ምንይችል ወደ ሰዉ ዞር ብሎ፣ «የሰውን በቅሎ ሁሉ የሚያሰግር ሰው፣ የገዛ ልጁን ከመሬት ማንሣት አቃተው!»

ይህችኛዋ አንገበገበችው። ጥጋቡ ብድግ አለ። «አርባ ቀን ስጠኝ! በአርባኛው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ልጄ ከግቢዬ ወይራ ሥር ተነሥቶ በእግሩ እስከ ቤቴ ደጃፍ ይደርሳል። ባይደርስ ሸጌን ውሰዳት!»

ሸጌን የማያውቅ የለም፤ በአገሩ ካሉት ሰጋር በቅሎዎች ሁሉ ጌጥ እሷ ናት። የማን እንደሆነችም የማያውቅ የለም።

«ቢደርስ» አለ ምንይችል እሱም ደም ሥሩ ተገትሮ፣ «ሰባቱን ቀፎ ከነንቡ ትወስዳለህ!»

የማኅበሩ ቄስ «ተዉ እናንተ ሰዎች፣ በልጅ ደግሞ ውርርድ አለ እንዴ?» ቢሉም የሚሰማቸው አልተገኘም። ሁለቱም በሚካኤል ምለው ተቀመጡ።

ጥጋቡ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱ የወትሮው አልመስል አለው። የጠላው ሞቅታ ከግቢው በር ላይ ጥሎት ሄደ።

«ተወራረድኩ» አለ ለአንጓች፣ ዓይኗን ሳያይ።

«በምን?»

«በበቅሎ።»

«በማን በቅሎ?»

«ያው... በኛ በቅሎ።»

«ጥጋቡ፣ በማን በቅሎ?»

«በሸጌ።»

ሸጌን ለአንጓች ለሠርጓ የሰጧት አባቷ ናቸው፤ አሁን በሕይወት የሉም። እናቷ ከሸለቆው ማዶ፣ የሁለት ቀን መንገድ ርቀው ብቻቸውን አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። ለፋሲካ በሸጌ ተቀምጣ፣ ልጇን ታቅፋ፣ ያንን ቁልቁለት ወርዳ ለእናቷ ልታሳያቸው ከወለደች ጀምሮ ስታስብ ነው የከረመችው። በዚያ ገደል ላይ እግሯን አይታ የምትረግጥ በቅሎ ከሸጌ ሌላ አልነበረችም።

«እናቴ ይህን ልጅ ሳታየው ዓይኗ ቢጠፋ» አለች አንጓች ቀስ ብላ፣ «ለሽማግሌ አልከስህም። ልጁ ሲያድግ ለራሱ እነግረዋለሁ።»

ጥጋቡ ያን ቃል እንደ እሾህ ውጦ በማግስቱ ሥራ ጀመረ።

ሁለት ችካል ተከለ። በመካከላቸው በልጁ ደረት ልክ ጠፍር ወጠረ፤ ይዞት እንዲሄድ። በብብቱ ሥር የአንጓችን መቀነት አዙሮ ከላይ ሳበው። በወዲያኛው ጫፍ በአገዳ ላይ የማር እንጀራ ሰካ፤ ማሩም፣ ምንይችል አይስማና፣ የምንይችል ማር ነበር። ቢያድግልኝ ይህ ሁሉ ለእሱ መጫወቻ የተሠራ መስሎት በደስታ ፈነደቀ። ከመሬት ሲያነሡት እግሩን እንደ ጫጩት ወደ ሆዱ ይሰበስባል። ሲያስቀምጡት ጠፍሩን ይልሳል።

«ቁም!» ይላል ጥጋቡ።

«ቁም!» ይላል ልጁ በአባቱ ድምፅ፣ በአባቱ ቁጣ፣ ቅንድቡን እንኳ እንደ አባቱ ሰብስቦ።

ልጁ ሲናገር አንደበቱ ጉድ ነበር። በቅሎን «በቆ» ይላል፤ ውሃን፣ ወተትን፣ ዶሮን በስማቸው ይጠራል። የጎረቤቱን ልጅ «ደቤ» ብሎ ከአጥር ወዲህ ይጣራል። በቅሎ ስትደነብር ከተቀመጠበት ሆኖ «ቁም!» ይላል። ይህን ለጥጋቡ ብትነግረው «አፍማ ማን የሌለው አለ?» ብሎ ያልፍሃል። እሱ የሚያየው ከጉልበት በታች ያለውን ብቻ ነበር።

በዚህ ላይ ይርገዱ መመላለስ አበዛች። በየማለዳው ደብሬን አስከትላ፣ በእጇ ገል ይዛ፣ «እሳት ልጭር ነው የመጣሁት» ትላለች። ፍሙን በገሉ ላይ ታስቀምጥና ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን አስቀምጣ ወሬ ትጀምራለች። ፍሙ አመድ ይሆናል። ሌላ ትለምናለች። እሱም አመድ ይሆናል።

«ይቺ ሴት ሰላይ ናት» አለ ጥጋቡ ለአንጓች። «ባሏ ነው የሚልካት።»

«እሳት ፈልጋ ነው።»

«ቀን ከሌት ንብ የሚያጥን ሰው ቤት እሳት ይታጣል?»

አንጓች ወደ ጓዳ ገባች። ጥጋቡም መግባቷን እንደ ማስረጃ ቆጠረው።

በሃያኛው ቀን እማማ ዳሳሽ ከዘራቸውን እየመቱ መጡ። ጠፍሩን አዩ፤ ችካሉን አዩ፤ የማር እንጀራውን አዩ። ከዚያ ጥጋቡን አዩት።

«ኮርቻው የት አለ?» አሉት።

«እማማ፣ አይቀልዱብኝ። ልጄ አልሄደም።»

አሮጊቷ ተቀምጠው ልጁን በብብቱ ያዙትና ቀስ ብለው አቆሙት፤ እግሩን መሬት ላይ ተከለ። ከኋላው ሆነው ምላሳቸውን ቀጭ ሲያደርጉ ዞረ። አንድ ፍሬ ሽምብራ መሬት ላይ ጣሉለት፤ በሁለት ጣቱ ለቀመና መልሶ ለእሳቸው ሰጣቸው።

«ይሰማል፤ ያያል፤ እግሩ ጉልበት አለው። እስቲ ንገረኝ፣ ያደርገው የነበረውን ትቶ ያውቃል? ትናንት ይጨብጥ የነበረው ዛሬ እጁ ዝሎበት?»

«የለም። በየቀኑ አንድ ነገር ይጨምራል እንጂ።»

«የያዘውን የሚተው ቢሆንማ ኖሮ እኔው ራሴ ‹ነገ ሳትል ከሐኪም አድርሰው› እልህ ነበር። ይሄኛው ደህና ነው። በቂጡ የሚንፏቀቅ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚነሣው፤ ስንቱን አይቻለሁ። ዓመት ተኩል ሊሆነው ይችላል፤ ከዚያም ትንሽ ሊያልፍ ይችላል።»

«ዓመት ተኩል? ቀጠሮዬ እኮ ከሃያ ቀን በኋላ ነው!»

«ቀጠሮው ያንተ ነው፤ እሱን ማን ጠየቀው?» አሉ እማማ ዳሳሽ። «ደግሞስ አንተ ምን አፍ አለህ? ሁለተኛ ፋሲካህን ዓመት ተኩል አልፎህ ያከበርከው በእናትህ ጀርባ ላይ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ‹ይሄ ሸክም መቼ ይወርድልኝ ይሆን› እያለች ስታማርር በጆሮዬ ሰምቻታለሁ።»

«እኔ?»

«አንተ፣ የበቅሎ ሁሉ መምህር! በል አሁን ያንን ጠፍር ፍታ።»

ጥጋቡ ጠፍሩን ከችካሉ ፈታው። ከሆዱ ግን አልፈታውም።

አርባኛው ቀን ደረሰ። ማኅበርተኛው፣ ከማኅበርተኛው ሚስቶች ጋር፣ ያልተጠራውም ከተጠራው በፊት ግቢውን ሞላው፤ እማማ ዳሳሽም ከዘራቸውን አጥሩ ሥር አስቀምጠው አንድ ጥግ ተቀምጠዋል። አንጓች ሸጌን አጥባ፣ ጋማዋን አበጥራ ከቤቱ ጥግ አሠረቻት፤ ሰው ሊሸኝ እንደተዘጋጀ እንጂ ሌላ አይመስልም። ከሕዝቡ ጀርባ፣ አጥሩ ሥር፣ ገና በመገራት ላይ ያለች ቡላ በቅሎ ቆማለች፤ ዛሬም ጧት አንድ ባልዲ በእርግጫ ሰባብራለች።

ጥጋቡ ልጁን ወይራው ሥር አቁሞ ግንዱን አስያዘው። ሄዶ ደጃፉ ላይ ተንበረከከና የማር እንጀራውን ዘረጋ። ከወይራው እስከ ደጃፉ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ለጥጋቡ ግን ሸለቆው ራሱ መጥቶ በመካከል የተኛ መሰለው።

«ና ቢያድግልኝ! ና የኔ አንበሳ!»

ልጁ ግንዱን ለቀቀ። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ ያህል ብቻውን ቆመ።

«ወፌ ቆመች!» ብሎ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ አጨበጨበ።

ልጁ በድምፁ ደንግጦ ዱብ አለ። ሳቅ ሆነ። «አስነሡት!» «ማሩን ቅረብ አድርግለት!» «ተዉት፣ ፍርድ እየሰጠ ነው!» የሚል ጫጫታ ተነሣ። ቢያድግልኝ ይህን ሁሉ ጥርስ አየና የታችኛው ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ዓይኑ በሰው መሐል አባቱን ይፈልግ ጀመር።

ጥጋቡ በአርባ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጉልበቱ በላይ አየው። ሰባት ዓመት የለመነውን ፊት አየ። የማር እንጀራውን ደጃፉ ላይ አስቀመጠና ተነሣ።

«ይብቃ» አለ። «ይብቃ፣ አትሳቁበት። ተሸንፌያለሁ። ምንይችል፣ ሸጌ ያቻት፤ ፍታና ውሰድ። አንጓች፣ በደሌን እኔ በቁሜ እከፍልሻለሁ፤ እናትሽ ዘንድም ልጁን በጀርባዬ ተሸክሜ አደርሰዋለሁ።»

አንጓች ምን እንደምትል ገና አልወሰነችም ነበር፤ ልጁ ቀደማት።

«ደቤ!» አለ።

ማንም አልሰማውም።

«ደቤ! በቆ! ቁም! ቁም!»

ሁሉም ልጁን ያይ ነበር፤ ከሕዝቡ ወዲያ የሚያየው ልጁ ብቻ ነበር። ጥጋቡ የልጁን ጣት ተከትሎ ዞረ። ደብሬ በዚያች በማታርፍ እግሯ ከሰዉ መሐል ሾልካ፣ የቡላዋን በቅሎ ጭራ ልትይዝ እጇን ዘርግታለች። በቅሎዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ፣ አንድ እግሯን አንሥታለች።

«ቁም!» አለ ልጁ እንደ ገና፣ በአባቱ ድምፅ።

ያቺ በቅሎ በዚህ ግቢ ስትኖር በየቀኑ ይህን ቃል ከሁለት ሰው ስትሰማው ከርማለች። ጆሮዋን ወደፊት መለሰች። እግሯ እንደ ተነሣ በአየር ላይ ቀረ። ታዛዥነት ነው የሚሉ አሉ፤ ግራ ተጋብታ ነው የሚሉም አሉ። የሆነው ሆኖ ጥጋቡ ሰዉን ጥሶ እስኪደርስና ደብሬን ላፍ አድርጎ እስኪያነሣት ድረስ ያቺ አፍታ በቃች።

ልጅቷ አልጮኸችም። ፈገግ ብላ ጢሙን ያዘችው።

ይርገዱ እየሮጠች መጥታ ልጇን ተቀበለችውና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «አንጓች፣ እኅቴ፣ ይቅር በይኝ። በየማለዳው የመጣሁት እሳት አጥቼ አይደለም። የኔዋ ልጅ እስካሁን አንድ ቃል አልወጣትም። ‹እማ› እንኳ አላለችኝም። ያንቺው ልጅ ሲለፈልፍ ብትሰማው ይጋባባት ይሆናል ብዬ ነው።»

ጥጋቡ ወደ ምንይችል ዞረ። ምንይችል መሬት መሬቱን ያያል።

«አንተም ታውቅ ነበር?»

«እንዴት አላውቅም?» አለ ምንይችል። «ሰው እግሯን ሲያይ አፏን አይጠይቀኝም ብዬ ነው እንዲያ የጮህኩት። ያንተን ልጅ ከአጥር ወዲያ ሲጣራ በሰማሁ ቁጥር... ተወው። ቀናሁ፤ በቃ።»

«እኔ ደግሞ እሷ ስትሮጥ በሰማሁ ቁጥር!» አለ ጥጋቡ።

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ምን ያህል ጅል እንደነበሩ እኩል የገባቸው ይመስለኛል።

እማማ ዳሳሽ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ተጣሩ። «ደብሬ! ያንን ከዘራዬን አምጪልኝ እስቲ።» ልጅቷ ከእናቷ ጉያ ወጥታ፣ ከዘራውን አጥሩ ሥር አግኝታ፣ ከቁመቷ በላይ የሆነውን እንጨት እየጎተተች አመጣችላቸው።

«አያችሁ? ትሰማለች፤ የተባለችውን ታውቃለች። ቃሉን እየሰበሰበች ነው። እኔ እየመጣሁ አያታለሁ፤ እናንተ ግን አታጣድፏት፤ አጫውቷት።»

«እንግዲህ ማን አሸነፈ?» ብሎ ጮኸ አንድ ሰው ከኋላ። ሰው ሁሉ ያኔ ነው ውርርዱን ያስታወሰው። ሁሉም ወደ ወይራው ዞረ።

ወይራው ሥር ማንም የለም።

አንጓች ደረቷን ደቃች። ወዲያው ግን ዓይኗ መሬት ላይ አረፈ፤ ከዚያም ከአርባ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከወይራው ሥር የጀመረ፣ ጆንያ የተጎተተበት የሚመስል አንድ ዱካ አቧራውን እየከፈለ፣ በሰዎቹ እግር መሐል እየተጠማዘዘ ይሄዳል። መጨረሻው ደጃፉ ነው። ደጃፉ ላይ ቢያድግልኝ እንደ ዳኛ ተቀምጧል፤ የማር እንጀራው እስከ ክርኑ ደርሷል።

«ውርርዱ በእግሩ ነው የተባለው!» አለ ያው ሰውዬ።

«ዝም በል አንተ!» አለ ምንይችል። «ልጁ በጉዳይ ተጠምዶ ነበር። ሸጌ የአንጓች ናት፤ ማንም አይነካትም። ለፋሲካ ስትሄድ ለእናቷ አንድ ቀፎ ሙሉ ማር ከኔ ትይዛለች።»

ይዛም ሄደች። ቢያድግልኝ በአሥራ ዘጠኝ ወሩ ከአያቱ ቤት እንደ ተመለሰ፣ ማንም ባልተጠራበት በአንድ ተራ ማክሰኞ፣ ውሻ ተከትሎ ብድግ ብሎ ሄደ። ደብሬ ሁለት ዓመት አልፏት አፏን ፈታች፤ ዛሬም አልዘጋችም ይላሉ፣ ባሏም ይመሰክራል። የመጀመሪያ ቃሏ «ቁም» ነበር።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ የመጣ ነው። በዚያች ዕለት፣ ፀሐይዋ ወይራው ጫፍ ላይ ሳለች፣ ሕዝቡ እየሳቀ ቆሞ፣ ጥጋቡ ልጁን በማር እንደ ተለወሰ አንሥቶ ሲስመው፣ እማማ ዳሳሽ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና ዱካውን ከወይራው እስከ ደጃፉ በዓይናቸው ተከትለው ዝግባ በር እስከ ዛሬ የምትለውን አሉ፦ «አንዱ በእግሩ፣ አንዱ በአፉ፣ ሁሉም ይደርሳል ከደጃፉ።»